ኮምፒውተሮች እኩል ሲያወሩ

አሳይታ ወይም ሰመራ አካባቢ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይቀየራል። ሁለቱም እኩል ቢያወሩ ማንም ማንንም አይሰማም።

ኮምፒውተሮችም ይሄው ችግር ነበረባቸው። ሮበርት ሜትካልፍና ዴቪድ ቦግስ በ1973 እ.ኤ.አ. ዜሮክስ ኩባንያ ውስጥ ኢተርኔትን ሲጀምሩ፣ ሁሉም ማሽኖች አንድ ኬብል ይጋሩ ነበር። ተራ የሚሰጥ አለቃ የለም። ደንቡ «መጀመሪያ አዳምጥ፣ ጸጥ ካለ ላክ» ነው። ግን ምልክት ከጫፍ ጫፍ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ጸጥታ ሰምተው እኩል ሊጀምሩ ይችላሉ። ያኔ መልእክቶቹ ይጋጫሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለቱም አቁመው ትንሽ ይጠብቁ? እኩል ከጠበቁማ እንደገና ይጋጫሉ! መፍትሔው ዕጣ ነው፤ ሐሳቡም የመጣው ከሃዋይ የሬዲዮ ኔትወርክ፣ ከአሎሃ ነው። ከመጀመሪያው ግጭት በኋላ እያንዳንዱ 0 ወይም 1 ያወጣል፤ የደረሰውን ቁጥር ያህል ይጠብቃል። ተመሳሳይ ቁጥር የማውጣት ዕድላቸው ከ2 አንድ ነው። ደግመው ከተጋጩ ከ0 እስከ 3፣ ቀጥሎ ከ0 እስከ 7 እያለ እስከ 1023 ይሰፋል። በ10 ሜጋቢት ኢተርኔት አንዱ የመጠበቂያ ጊዜ 51.2 ማይክሮሰከንድ ነው። 16 ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካ ይተወዋል። የሚገርመኝ፣ ማንም ሳይቆጥር ኔትወርኩ መጨናነቁን በራሱ ማወቁ ነው።

ስዊች ሲመጣ ኬብል መጋራት ቀረ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ኬብል ይዞ ስዊቹ ላይ ይሰካል፤ መላኪያውና መቀበያው ስለተለያየም ግጭት የለም። ፍሬም የሚባለው የዳታ እሽግ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይይዛል። ስዊቹ የላኪውን አይቶ «ይሄ በዚህ ቀዳዳ ነው ያለው» ብሎ ይመዘግባል። ተቀባዩን ካላወቀ ደግሞ፣ ፍሬሙ ከመጣበት በቀር በሁሉም ቀዳዳ ይልካል። ባለቤቱ ሲመልስ ቦታው ይታወቃል።

እዚህ ላይ ግን ዳጉ ይበልጣል። ዳጉ ላይ ወሬው ከማን እንደመጣ ይጠየቃል፤ የዋሸም ይቀጣል። ተራ ስዊች የተጻፈውን አድራሻ ዝም ብሎ ያምናል፤ የሌላውን አድራሻ የለበሰ ማሽን ለዚያ ሰው የተላከውን ወደራሱ ሊስብ ይችላል።

የስልካችሁ ዋይፋይስ? አየሩን ሁሉም ስለሚጋራው፣ እዚያ ዕጣው ዛሬም ይጣላል። ሬዲዮ እየላከ ማዳመጥ ስለሚከብደው ግጭት እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ዕጣውን አስቀድሞ ይጥላል።