ክንድ ሲሰበር «ብረት ይገባል» ማለት ምን ማለት ነው?

ከሞተር ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ልጅ ሶዶ ሆስፒታል ሄዶ «ብረት ይገባል» ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል። አንዳንዱ በዚያው ልጁን ይዞ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ዛሬ ብረቱ ምን እንደሆነ እናያለን።

ከትከሻ እስከ ክርን ያለው አጥንት መሃሉ መቅኔ የያዘ ቱቦ ነው። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ በትከሻ በኩል ትንሽ ቀድዶ በቱቦው ውስጥ ረጅም ብረት ያስገባል። ሐኪሞች «ኔይል» ይሉታል፣ ምስማር እንደማለት፤ ለእኛ ግን ዘንግ ብንለው ይሻላል። ዘንጉ ስብራቱን አልፎ ይወርድና አጥንቱ እንዳይዞር ከላይም ከታችም በብሎን ይታሰራል።

ከባዱ ሥራ የታችኛው ብሎን ነው። ዘንጉ አጥንት ውስጥ ስለገባ ቀዳዳው አይታይም። ሀብታም አገሮች ውስጥ ሐኪሙ እየቀደደ በስክሪን የሚያይበት ሲ-አርም የሚባል ውድ የራጅ ማሽን አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ሳይን የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ግን ያለዚህ ማሽን የሚገባ ዘንግ ሠራ። ከዘንጉ ጋር ከውጭ የሚገጠም መለኪያ አለው፤ ሐኪሙ በመለኪያውና በእጁ ስሜት ቀዳዳውን ያገኘዋል። መጀመሪያ ለእግር ታስቦ የተሠራ ቢሆንም ለክንድም ይውላል። ድርጅቱ ዘንጉን ለሆስፒታሎች በእርዳታ ይሰጣል፤ እዚሁ ሶዶ ከተማ ውስጥ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ይሠራበታል።

ታዲያ ሁሉም ክንድ ብረት ይፈልጋል? አይፈልግም! አብዛኛው የላይኛው ክንድ ስብራት በድጋፍ ታስሮ ይድናል። «ብረት አያስፈልግህም» ስትባሉ ችላ ተባልን አትበሉ። ቀዶ ጥገና የሚመጣው አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ሲወጣ፣ የደም ስር ሲጎዳ፣ ሌላም አጥንት አብሮ ሲሰበር ወይም ስብራቱ አልገጥም ሲል ነው። ያኔም ቢሆን ብዙ ሐኪሞች ለክንድ ከዘንግ ይልቅ ከአጥንቱ ላይ የሚለጠፍ ፕሌት ይመርጣሉ፤ ዘንግ ትከሻ ላይ ሕመም ሊያስቀር ይችላል። የትኛው እንደሚሻላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ቶሎ ፈትሹ፦ የእጃችሁን አንጓ ወደ ላይ ማንሳት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ በአጥንቱ ዙሪያ የሚያልፈው ነርቭ ተነክቷልና ለሐኪሙ ንገሩት። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል።

የማይመለሰው በወጌሻ ጠብቆ የታሰረ እጅ ነው። ማሰሪያው ደም ካቆመ እጁ ሞቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ማሰሪያውን አስፈቱና በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ።