ረቂቅን በጉባኤ መመርመር፦ የደራስያን ዐውደ ጥናት

ተማሪዎች፣ እስካሁን በክፍል ውስጥ የጻፋችኋቸው ድርሰቶች በአብዛኛው የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው። ድርሰቱ ከእናንተ እጅ ወደ መምህራችሁ እጅ ይተላለፋል፤ መምህሩ በቀይ ቀለም ስሕተቱን ያመለክታል፤ ነጥብ ይሰጣል፤ ደብተሩም ይመለሳል። ነጥቡን ካያችሁ በኋላ ያንኑ ድርሰት እንደገና የጻፋችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ምናልባት ጥቂቶች ናችሁ። ድርሰትን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ግን ዋናውን ሥራ የሚጀምሩት የመጀመሪያው ረቂቅ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው፣ ረቂቁን በቅን ልቡና አንብቦ የተሰማውን ሳይሸሽግ የሚነግራቸው አንባቢ ነው። እንዲህ ያለ አንባቢ ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ የደራስያን ዐውደ ጥናት ይባላል።

የዐውደ ጥናት ምንነት

«ዐውድ» የሚለው የግእዝ ቃል ዙሪያን ወይም ክብ ስፍራን ያመለክታል፤ «ዐውድማ» ከምንለው ቃልም ጋር ዝምድና አለው። በዐውድማ ላይ ፍሬው ከገለባው እንደሚለይ ሁሉ፣ በደራስያን ዐውደ ጥናትም የአንድ ረቂቅ ፍሬና ገለባ በጋራ ይመረመራል። ዐውደ ጥናት ከተራ ንግግር የሚለየው በዚህ ነው። ንግግር የሚሰማ ሰው ባዶ እጁን ሊመጣ ይችላል፤ ወደ ዐውደ ጥናት የሚገባ ደራሲ ግን የራሱን ያላለቀ ጽሑፍ ይዞ መቅረብ አለበት።

በልዩ ልዩ አገሮች የሚደረጉ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫሎች ዐውደ ጥናትንም ሲያካትቱ ይታያል። ለምሳሌ በዌልስ፣ ሄይ ኦን ዋይ በምትባል፣ በአሮጌ መጻሕፍት መደብሮቿ በታወቀች ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ሲካሄድ ቆይቷል። በዚያ ደራስያን በሕዝብ ፊት ቀርበው ይናገራሉ፤ ለጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ በመጽሐፎቻቸው ላይ ይፈርማሉ። ከዚሁ ጎን ለጎን ለዌልስ ጀማሪ ደራስያን የሚሆን የሥልጠና መርሐ ግብር ተዘጋጅቶ ነበር። በትልቁ አዳራሽ ሕዝቡ የሚያየው የታተመውን መጽሐፍ ነው፤ በትንሹ ክፍል ውስጥ የሚታየው ግን ገና ስርዝ ድልዝ የበዛበት ወረቀት ነው። አንዱ ካለ ሌላው አይገኝም።

የአሠራሩ አመጣጥ

ይህ ልማድ በአሜሪካ ቀደም ብሎ ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1926 በቨርሞንት ክፍለ ግዛት፣ ብሬድ ሎፍ በተባለ ተራራ አጠገብ፣ በሚድልበሪ ኮሌጅ አማካይነት የደራስያን ጉባኤ ተጀመረ። ገጣሚው ሮበርት ፍሮስት ከዚህ ስፍራ ጋር ለብዙ ዓመታት የቀረበ ግንኙነት ነበረው። በጉባኤው ላይ ገና ምንም ያላሳተሙ ጀማሪዎች፣ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያወጡ ወጣት ደራስያንና ስመ ጥር መምህራን በአንድነት ይገናኛሉ። ለብዙ አሥርት ዓመታት አንዳንድ ጀማሪዎች በመመገቢያ አዳራሹ ምግብ እያስተናገዱ የመሳተፍ ዕድል ያገኙ ነበር። ከዚህም ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1936 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራስያን ዐውደ ጥናት ተቋቋመ፤ የብዙዎቹ የዛሬ ዐውደ ጥናቶች ሥርዐት የተቀዳውም ከዚያ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ቤት ያልመታውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማውን እየነቀሱ ያርማሉ። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ረጅሞቹ የቅኔ ዐይነቶች ድረስ ተማሪው የሚያድገው በዚህ ዐይነት ነው። የብሬድ ሎፍ ጀማሪዎች ሳሕን እያመላለሱ እንደተማሩ፣ የቅኔ ተማሪዎችም ቁራሽ እየለመኑ ተምረዋል። ልዩነቱ፣ በቅኔ ቤት የመጨረሻው ቃል የመምህሩ ሲሆን፣ በዐውደ ጥናት ግን የመጨረሻው ውሳኔ የደራሲው መሆኑ ነው።

አካሄዱ

የዐውደ ጥናት አካሄድ ከስፍራ ስፍራ ቢለያይም በተለመደው መልኩ የሚከተለውን ይመስላል።

ሀ) አሥር ያህል ተሳታፊዎችና አንድ ልምድ ያለው ደራሲ በአንድ ክፍል ዙሪያውን ይቀመጣሉ።

ለ) የዕለቱ ረቂቅ አስቀድሞ ለሁሉም ይታደላል። ሁሉም በየቤቱ አንብቦ፣ በኅዳጉ ላይ አስተያየቱን ጽፎ ይመጣል።

ሐ) ውይይቱ ሲጀመር አንባቢዎቹ በቅድሚያ ከረቂቁ የተረዱትን ይናገራሉ፤ ቀጥለው የያዛቸውን ስፍራ፣ በመጨረሻም ያደናገራቸውን ያመለክታሉ።

መ) ደራሲው በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ ያዳምጣል። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በየአንባቢው ቤት እየዞረ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነበር» ሊል አይችልምና።

በቅርብ ዓመታት ይህ የዝምታ ሕግ ተነቅፎአል። በተለይ የደራሲው ባህልና ቋንቋ ለሌሎቹ እንግዳ ሲሆን፣ አንባቢዎች ያልገባቸውን ሁሉ እንደ ጉድለት ሊቈጥሩት ይችላሉ። ስለዚህ በአንዳንድ ዐውደ ጥናቶች ደራሲው አስቀድሞ ስለ ረቂቁ እንዲናገርና የራሱን ጥያቄ እንዲያቀርብ ይፈቀድለታል።

አንድ ምሳሌ

አንዲት ተማሪ ስለ እናቷ የሚከተለውን ጽፋ ለጓደኞቿ አነበበች እንበል።

«እናቴ በጣም ደግ ናት። ከማንም አብልጣ ትወደኛለች። እኔን ለማስተማር ብላ ብዙ ትቸገራለች። ውለታዋን ከፍዬ አልጨርሰውም።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም። ነገር ግን አንደኛው አንባቢ፣ «ይህ ስለ እኔም እናት ሊባል ይችላል፤ ያንቺን እናት ግን አላየኋትም» አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ «ትቸገራለች ብለሻል፤ መቸገሯን በምን ዐወቅሽ?» ስትል ጠየቀች። ጸሐፊዋ ለጊዜው አዘነች፤ ፊቷም ቀላ። እናቷ የተነቀፈች መሰላት። ማታ ግን ጥያቄው አልለቃት አለ። በማግስቱ እንዲህ ብላ መጣች።

«የመመዝገቢያ ወር ሲደርስ በቤታችን ጀበና ከመደርደሪያ አይወርድም። ጎረቤት ‹ቡና ጠጡ› ብሎ ካልጠራ በቀር እናቴ ቡና አትቀምስም። ከሰዓት በኋላ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ታስራለች። ‹ምነው እማዬ?› ስላት ‹ፀሐዩ ነው› ትለኛለች። አንድ ቀን የመቀነቷን ጫፍ ፈትታ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ስትቈጥርልኝ፣ በውጭ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሻሹ ግን ከራሷ ላይ አልወረደም።»

በሁለተኛው ረቂቅ ውስጥ «ደግ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ የለም፤ ደግነቱ ግን በግልጽ ይታያል። ይህንንም በተመለከተ ሐሳብ ተለያየ። አንዱ፣ «ቡናውን የተወችው ገንዘብ ለማጠራቀም መሆኑ በግልጽ ይጻፍ» አለ። ሌላው፣ «ከተጻፈማ ለእኔ ለአንባቢው ምን ሥራ ይቀረኛል?» ሲል ተቃወመ። ጸሐፊዋ ሁለቱንም አዳመጠች፤ አመሰገነችም፤ ጽሑፉን ግን እንደነበረ ተወችው። መብቷም ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ዐውደ ጥናት ተሰጥኦ ለሌለው ተሰጥኦ አይሰጥም። የሚሰጠው ጥቅም ይኸውም ነው፤ ከደራሲው ሐሳብ ውስጥ የትኛው ወረቀቱ ላይ እንደ ደረሰ፣ የትኛውም በልቡ ውስጥ እንደ ቀረ ያሳየዋል። ጸሐፊዋ የእናቷን ሻሽ ከመጀመሪያውም ታውቀው ነበር፤ በወረቀቱ ላይ አለመኖሩን የነገሯት ግን ሌሎች ናቸው። ብዙ መጻሕፍት ያሳተመ ደራሲም ከዚህ ፍላጎት ነጻ አይደለም። እንዲያውም የጀማሪው ችግር አለማወቅ ሲሆን የአንጋፋው ችግር ልማድ ነው፤ ትናንት የተወደደለትን አነጋገር ሳያውቀው ይደጋግመዋል። የገዛ ጀርባውን ማንም ሊያየው አይችልም።

በአንጻሩ ዐውደ ጥናት ጉዳትም ሊያስከትል ይችላል። የሁሉንም አስተያየት የሚቀበል ጸሐፊ፣ ጽሑፉ የሁሉም ሆኖ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ምንም የማይቀበል ደግሞ የመጣበትን ድካም በከንቱ ያጠፋል። እንዲሁም ሐያሲው ጽሑፉን ትቶ ጸሐፊውን የነካ እንደ ሆነ ዐውደ ጥናቱ ወደ ጠብ ይለወጣል። «ይህ ዐረፍተ ነገር አልገባኝም» ማለት ሒስ ነው፤ «አንተ መጻፍ አትችልም» ማለት ግን ስድብ ነው። «ጥሩ ነው» ብቻ ብሎ ማለፍም ከስድብ ባያንስም እንጂ ባይበልጥም ጸሐፊውን ብቻውን ጥሎ መሄድ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ለዚህ ሥራ ፌስቲቫልም ሆነ ሩቅ አገር መሄድ የግድ አያስፈልግም። አምስት ባልንጀሮች፣ አንድ ገጽ ረቂቅና እውነትን በትሕትና የመናገር ፈቃድ ካሉ፣ የመማሪያ ክፍላችሁ ዐውደ ጥናት ሊሆን ይችላል።

መልመጃ

1. በቅኔ ቤትና በደራስያን ዐውደ ጥናት መካከል ያለውን አንድ አንድነትና አንድ ልዩነት ግለጹ።

2. በምሳሌው ውስጥ ስለ ቡናው ከተሰጡት ሁለት አስተያየቶች የትኛውን ትደግፋላችሁ? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

3. ስለምትቀርቡት ሰው አንድ አንቀጽ ጻፉ። በአምስት በአምስት ተከፋፍላችሁ ከተወያያችሁበት በኋላ እንደገና ጻፉት፤ ሁለቱንም ረቂቆች ለመምህራችሁ አቅርቡ።