ዝቅ በተደረገ የስፖርት ኦቶሞቢል ላይ ትልቅ ቸርኬ ስለ መግጠም

ኦቶሞቢል የቤተ ሰብ ገንዘብ የሚፈስበት፤ የቤተ ሰብም ሕይወት የሚጫንበት ዕቃ ስለ ሆነ ዛሬ በዚህ ዐምድ ስለ መንኰራኩር ጥቂት እንናገራለን። ወጣቶች ኦቶሞቢላቸውን ዝቅ ካስደረጉ በኋላ ፋብሪካው ከሰጠው የሚበልጥ ቸርኬ ለመግጠም ሲመኙ፤ ገንዘቡን እንዲሰጥ የሚለመነው አባት «ምን ይጐዳል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ እንዳያጣ በማሰብ ነው።

ነገሩ በአንድ ኦቶሞቢል ምሳሌነት ቢገለጽ ይቀላል። የጃፓኑ የማዝዳ ፋብሪካ በ1989 እ.ኤ.አ. ኤም ኤክስ 5 የተባለውን፤ ጣራው የሚታጠፈውንና ሁለት መቀመጫ ብቻ ያለውን ኦቶሞቢል ለዓለም አሳየ። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት እስከ 1997 ድረስ ተሠርቷል። ክብደቱ 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የፊት መብራቱም ሲበራ ከአፍንጫው ላይ ብድግ ይላል። በጃፓን፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ወዳጁ እስከ ዛሬ ብዙ ነው፤ ዝቅ አድርገው ቸርኬውን የሚለውጡትም ጥቂቶች አይደሉም።

ከፋብሪካ ሲወጣ ቸርኬው 14 ኢንች፤ ጎማው 185/60 ነበረ። ይህ ቍጥር ምሥጢር የለበትም። 185 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 60 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱን ከመቶ 60 እጅ መሆኑን ያመለክታል፤ ይኸውም 111 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ 111፤ ከታች 111፤ በመካከሉም የቸርኬው 14 ኢንች ሲደመር የመንኰራኩሩ ሙሉ ቁመት 578 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ የነገሩ ሥር ይህ ቁመት ነው። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን በዚያው ልክ ማጠር አለበት እንጂ መንኰራኩሩ በጠቅላላው ማደግ አይገባውም።

በዚህ ሒሳብ በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ 195/50 ጎማ ቢገባ ቁመቱ 576 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጥንቱ የሚለየው በ2 ብቻ ነው። በ17 ኢንች ላይ 205/40 ቢገባ ግን 596 ይደርሳል። ቀድሞ ልክ የነበረው የፍጥነት መቍጠሪያ 100 ሲያሳይ ኦቶሞቢሉ በእውነቱ 103 ይሮጣል ማለት ነው። የጎማውም ጎን ከ111 ወደ 82 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ፤ ጕድጓድ ሲያጋጥም ምቱን የሚያለዝበው ትራስ ሳስቷል። ነጂው በኦቶሞቢሉ መልክ ሲደሰት አጠገቡ የተቀመጠው ወገቡን የሚይዘው ስለዚህ ነው።

ዝቅ ማድረጉ ሲጨመርበት ችግሩ ይከፋል። ሞላው በአጭር ሞላ ተለውጦ ኦቶሞቢሉ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት በዚያው ልክ ይጠባል። ቆሞ ሲታይ ምንም የሚነካካ አይመስልም። ነገር ግን ሁለት ሰው ተቀምጦበት በመታጠፊያ ላይ ሲያዘነብል፤ ጕድጓድም ሲመታ፤ ጎማው ወደ ላይ ይወጣና የፓራፋንጎው የውስጥ ጠርዝ እንደ ቢላዋ ይሸረክተዋል። በብርቱ ሩጫ ላይ የጎማ ጎን ቢቀደድ ምን እንደሚከተል መዘርዘር አያሻንም። አንዳንዶች ጠርዙን ወደ ውስጥ በማሳጠፍ ነገሩን ያድኑት ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን ቀለሙ ከተሰነጠቀ ዝገት ይገባል፤ በአሮጌ ኦቶሞቢል ላይ ደግሞ የዝገት ወጪ ከጎማ ወጪ የሚብስ ነው። ከዚህም ሌላ ኦቶሞቢል ሲወርድ መንኰራኩሮቹ በላይኛው በኩል ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። በባለሙያ ካልተስተካከለ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ብቻውን ያልቃል፤ ከውጭ ለሚያየው ግን አዲስ ይመስላል።

ቸርኬ ሲገዛም ኢንቹን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። የዚህ ኦቶሞቢል ቸርኬ 100 ሚሊ ሜትር አግድመት ባለው ክብ ላይ የተደረደሩ 4 የቡሎን ቀዳዳዎች፤ በመካከሉም 54.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። በገበያ የሚሸጠው ቸርኬ ለብዙ ዓይነት ኦቶሞቢል እንዲሆን የመካከሉ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ሰፍቶ ይሠራል፤ ስለዚህ ልክ የሆነ ቀለበት ካልገባበት መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ስፋቱም በ1 ኢንች ቢጨምር፤ መካከሉ ከቦታው ካልተነቃነቀ፤ በውስጥም በውጭም 12.7 ሚሊ ሜትር ይገፋል፤ በውስጥ በኩል አሞርዛተሩን፤ በውጭ በኩል ፓራፋንጎውን እንዳይነካ መለካት ነው። ክብደቱም በሚዛን ይታይ፤ ከባድ ቸርኬ የቀላል ኦቶሞቢልን ቅልጥፍና ያጠፋልና።

ከተቻለ ገንዘብ ሳይከፈል አንድ ቸርኬ ከነጎማው ተውሶ መግጠም፤ ሰው ማስቀመጥ፤ መሪውንም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር ይበጃል። ሥራው ካለቀ በኋላም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ዳዶዎቹ እንደ ገና በልካቸው ይጥበቁ። በእኛ አስተያየት ለዚህ ኦቶሞቢል 15 ኢንች ይበቃዋል፤ የ17ቱ ውበት ለቆመ ኦቶሞቢል ነው።

በጃፓን አገር አዲስ የቤት ኦቶሞቢል ከ3 ዓመት በኋላ፤ ከዚያም በየ2 ዓመቱ በሕግ ይመረመራል። ከመሬት ያለው ክፍተት ከ9 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፤ ወይም ቸርኬው ከፓራፋንጎው ውጭ የወጣ እንደ ሆነ ምርመራውን አያልፍም። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ፋብሪካው የሰጠውን 4 ቸርኬ አይሸጥም፤ አጥቦና አድርቆ በግምጃ ቤት ያኖረዋል፤ ለምርመራው ቀን ካልተፈለገ ኦቶሞቢሉ በሚሸጥበት ቀን ገዢው ይጠይቀዋል።