ከቤተ እምነት ውጭ ስለ እምነት መማር

በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት «የሃይማኖት ጥናት» የሚባል ኮርስ መመዝገቡን ሲሰማ ልቡ መሥጋቱ አይቀርም። ልጄን ከእምነቱ ሊያናውጡት ይሆን? ወይስ ወደ ሌላ እምነት ሊስቡት? በዚህ ሥጋት ወላጁ ብቻውን አይደለም። እዚያው ተወልደው ያደጉ አሜሪካውያንም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃይማኖት የሚያጠና የትምህርት ክፍል መኖሩ ግር ይላቸዋል። መንግሥትና ሃይማኖት በተለያዩበት አገር የግብር ከፋዩ ገንዘብ እንዴት ለዚህ ይውላል? ጥያቄው ከስልሳ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ሕጉ መልስ ሰጥቶታል፤ መልሱ ግን ሕዝቡ ዘንድ በሚገባ አልደረሰም። የሃይማኖት ጥናት ክፍሎች ከግቢያቸው ወጥተው ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ለመነጋገር የሚደክሙትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከፔንስልቬንያ መነሣት ይሻላል። በግዛቲቱ ሕግ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዕለቱን የሚጀምሩት ቢያንስ ዐሥር የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሮች በማንበብ ነበር። በኖቬምበር 1956 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤለሪ ሼምፕ የተባለ የ16 ዓመት ተማሪ አቢንግተን በሚገኘው ትምህርት ቤቱ ቁርአን ይዞ ክፍል ገባ። መጽሐፍ ቅዱሱ ሲነበብ እሱ ቁርአኑን ገልጦ በለሆሳስ አነበበ፤ «አባታችን ሆይ» ሲደገምም ሳይነሣ ቀረ። ወዲያው ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተላከ። ልጁ ሙስሊም አልነበረም፤ ከዩኒቴሪያን ቤተሰብ የተወለደ ነው። ቁርአኑን የያዘው መንግሥት አንዱን ቅዱስ መጽሐፍ መርጦ ተማሪን ሁሉ ማስነበብ የለበትም የሚለውን አቋሙን ለማሳየት ነበር። ቤተሰቡ ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩም ደረጃ በደረጃ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ።

ፍርድ ቤቱ ጁን 17 ቀን 1963፣ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት በትእዛዝ የሚደረግ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብና ጸሎት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ሰዉ የሚያስታውሰው ይህን የውሳኔውን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ተረስቷል፤ ለእኔ ግን ክብደቱ ከመጀመሪያው አያንስም። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ቶም ክላርክ የሃይማኖቶችን ታሪክና ንጽጽር፣ ከሥልጣኔ ጋር ያላቸውንም ትስስር ያላጠና ሰው ትምህርቱ ሙሉ ነው ለማለት እንደሚያስቸግር ጠቁመዋል። መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን በሥነ ጽሑፍነቱና በታሪክነቱ ቢጠና ክልከላው እንደማይነካው አስፍረዋል። ዳኛ አርተር ጎልድበርግ በበኩላቸው ሃይማኖትን ማስተማር አንድ ነገር፣ ስለ ሃይማኖት ማስተማር ሌላ ነገር መሆኑን ለይተው አስቀምጠዋል። የዛሬዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች የቆሙት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ጥናቱ አልነበረም ማለት አይደለም። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ በ1927 የሃይማኖት ትምህርት ቤት ሲከፍት ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም፣ አይሁዱም የየራሳቸውን መምህር ልከው ደመወዙን ራሳቸው ይከፍሉ ነበር። መንግሥት ቤቱን ይሰጣል፣ ቤተ እምነቱ መምህሩን ያቀርባል እንደ ማለት ነው። ከ1963 በኋላ መምህሩ ራሱ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሆነ፤ የሚመረጥበትም መስፈርት እምነቱ መሆኑ ቀርቶ እውቀቱ ሆነ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ በ1964 ክፍሉን መሠረተ፣ ሌሎችም ተከተሉ። በ1909 የተቋቋመው የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን ማኅበርም በዚያው ሰሞን ስሙን ለውጦ የአሜሪካ የሃይማኖት አካዳሚ ሆነ፤ አባላቱም የዓለምን ሃይማኖቶች ሁሉ የሚያጠኑ ምሁራን ሆኑ።

ከውሳኔው ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል አሜሪካውያን ስለ ሃይማኖት ያላቸውን እውቀት በ2010 መዘነ። ከ32 ጥያቄዎች በአማካይ የተመለሱት 16 ብቻ ነበሩ። ከዚህ ይልቅ ዓይኔ ያረፈው ሕጉን በሚመለከቱት ጥያቄዎች ላይ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ተማሪዎችን ጸሎት መምራት እንደማይችል 89 ከመቶው ያውቃል። የሃይማኖቶች ንጽጽር ኮርስ በዚያው ትምህርት ቤት ሊሰጥ እንደሚችል የሚያውቀው ግን 36 ከመቶ ነው፤ መምህሩ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጠቅሶ እንደ ሥነ ጽሑፍ ምሳሌ ማንበብ እንደሚችል የሚያውቀው ደግሞ 23 ከመቶ ብቻ። ክልከላው ተሰምቷል፤ ፈቃዱ አልተሰማም። በዚህ መሐል መምህራን የሚፈቀድላቸውን እንኳ ይፈራሉ፣ ወላጆች የማያስፈራውን ይፈራሉ፣ ተማሪው ደግሞ ጎረቤቱ ለምን እንደሚጾምና ለምን እንደሚሰግድ ሳያውቅ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በ2002 ኖርዝ ካሮላይና ላይ ታየ። በቻፕል ሂል የሚገኘው የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች ክረምቱን አንድ መጽሐፍ አንብበው እንዲመጡና በትናንሽ ቡድኖች እንዲወያዩበት ያደርግ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በመጣው ክረምት የተመረጠው፣ የሃይማኖት ጥናት ምሁሩ ማይክል ሴልስ የመጀመሪያዎቹን አጫጭር የቁርአን ሱራዎች ተርጉሞና ማብራሪያ ጨምሮ ያዘጋጀው መጽሐፍ ነበር። ወደ 3,500 የሚጠጉ አዲስ ተማሪዎች ሊያነቡት ነበር። አንድ የክርስቲያን ተሟጋች ድርጅትና የተወሰኑ ተማሪዎች መንግሥት እስልምናን እየሰበከ ነው ብለው ከሰሱ። መጽሐፉ ስለ ጦርነት የሚናገሩትን አንቀጾች ትቷል የሚል ወቀሳም ተሰማ። ዩኒቨርሲቲው ማንበቡ እምነቴን ይነካብኛል የሚል ተማሪ መጽሐፉን ትቶ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጽፎ እንዲመጣ ፈቀደ። ክሱ የቀረበለት ፍርድ ቤት ፕሮግራሙን አላገደም፤ ውይይቱም በኦገስት ተካሄደ።

ከሳሾቹ ያነሡት ሁሉ መናቅ የለበትም። አንድን ቅዱስ መጽሐፍ በከፊል አቅርቦ ስለ ሙሉው እንዲፈረድ ማድረግ ይቻላል፤ መምህር ይህን አደጋ አውቆ ለተማሪው በግልጽ ሊነግረው ይገባል። ዋናው ክሳቸው ግን በእኔ አስተያየት አልቆመም። ተማሪው እንዲያምን አልተጠየቀም፤ በሚቆጣበትና በሚፈራበት ወቅት እንዲያነብ ተጠየቀ። ሱራዎቹ ለብዙ መቶ ሚሊዮን ሰዎች ምን እንደሆኑ ሳያውቁ ስለ እነዚያ ሰዎች መከራከር ለአገርም አይበጅም።

ስለ ሌላው መማር የራስን እምነት ያላላል የሚለው ፍርሃት በጥናት ተፈትሿል። በካሊፎርኒያ የሞዴስቶ ከተማ ከ2000 ጀምሮ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ የዓለም ሃይማኖቶች ኮርስ እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር። በ2006 የታተመ ጥናት ከኮርሱ በኋላ ተማሪዎቹ ለሌሎች የእምነት ነፃነት ያላቸው አክብሮት መጨመሩን፣ የራሳቸውን እምነት ግን አለመተዋቸውን አሳይቷል። አንድ ከተማ የአገር ሁሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም ከወላጅ ጋር ለሚደረግ ንግግር ጥሩ መነሻ ነው።

ክፍሎቹ ከግቢ ሲወጡ የሚሠሩት ምንድን ነው? አንዳንዱ የተለመደ ነው፦ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር፣ በክረምት ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚሰጥ ሥልጠና፣ ለነርሶችና ለጋዜጠኞች የሚዘጋጅ ዎርክሾፕ። የሃይማኖት አካዳሚውም በ2010 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለ ሃይማኖት እንዴት ማስተማር እንደሚገባ መመሪያ አውጥቷል። ሃርቫርድ በ2016 በቅዱሳት መጻሕፍት በኩል ሃይማኖቶችን የሚያስተዋውቁ ነፃ ኮርሶችን በኢንተርኔት ለቀቀ። ሁሉም ደግ ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ግን ፕሮፌሰር ዳያና ኤክ በሃርቫርድ በ1991 የጀመሩት ነው። ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ፣ ስለ ሂንዱ እምነት የሚያስተምሩት ኤክ ከፊታቸው አሜሪካ የተወለዱ ሂንዱ ተማሪዎች ተቀምጠው አገኙ። ስለ ሩቅ አገር ሲያስተምሩ የኖሩት ስለ ጎረቤት ሆነ። ስለዚህ ተማሪዎቻቸውን ለክረምት ወደ ትውልድ ከተማቸው ልከው በዚያ ያሉትን መስጊዶች፣ የቡድሂስት ማዕከላት፣ ቤተ መቅደሶችና የሲክ ጉርድዋራዎች እንዲመዘግቡ አደረጉ። የብዝኃነት ፕሮጀክት የተባለው ሥራ ከዚህ ተነሥቶ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አርአያ ሆነ።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማይመቸኝ ልማድ አለ። ተማሪዎች ለቤት ሥራ ብለው እሑድ ጠዋት ወደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ይቆማሉ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ማስታወሻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። በዓርብ ጸሎት መስጊድም እንዲሁ ነው። የጻፉትን የሚያነብ ካህን ወይም ኢማም የለም። ስሕተት ቢኖርበት የሚያርም፣ ቢደነቅበት የሚደሰት የለም። ምዕመኑ እንግዳን በክብር መቀበል ባህሉ ስለሆነ ቅሬታውን አይናገርም እንጂ መታየትና መታወቅ ልዩነት እንዳላቸው ያውቃል። ጉብኝቱ ትርጉም የሚኖረው መምህሩ አስቀድሞ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ተማሪው ተመልሶ ሲመጣ፣ ዲያቆኑም ወደ ክፍሉ ተጋብዞ ሲጠየቅና ሲጠይቅ ነው።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ከተመልካችነት ያለፈ ታሪክ አላቸው። በ1970ዎቹ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ቅጂዎቹን በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ አኖረ። ጥይት ከወገባቸው በታች ያሽመደመዳቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደዚያ ተሻግረው እስከ እርጅናቸው ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩትን ብራናዎች መረመሩ፣ ካታሎግም አዘጋጁ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ጥናት ከውጭ የተቀበለ ሳይሆን ከውስጥ የመራ መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

በቶሮንቶም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ፕሮፌሰር ማይክል ጀርቨርስ በዩኒቨርሲቲያቸው ግእዝ እንዲሰጥ 50,000 ዶላር ከኪሳቸው አውጥተው ለማኅበረሰቡ ጥሪ አቀረቡ። ቢቂላ አዋርድ የተባለው የኢትዮጵያውያን ድርጅት ተባበረ፤ በ2016 ድምፃዊው ዘ ዊክንድ፣ አቤል ተስፋዬ፣ 50,000 ዶላር ጨመረ። በ2017 መጀመሪያም ኮርሱ ተከፈተ። በዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቱ ከያዛቸው ብራናዎች አንዱ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ንብረት መሆኑ ሲታወቅ በ2016 ለገዳሙ መልሷል። ይህን ከመቶ የሕዝብ ንግግር አስበልጣለሁ።

የማኅበረሰብ ገንዘብ ሁልጊዜ እንዲህ በሰላም አይገባም። በዚያው በ2016 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኧርቫይን፣ ዳርማ ሲቪላይዜሽን ፋውንዴሽን ለሂንዱና ተያያዥ ጥናቶች ያቀረበውን የመምህርነት ወንበሮች ስጦታ መምህራኑ ተቃውመውት ሳይቀበል ቀርቷል። የመምህራኑ ሥጋት ለጋሹ ማን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚባል ሊወስን ይፈልጋል የሚል ነበር። የቶሮንቶው ለጋሾች የሰጡት ለአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ነው፤ ማን ያስተምር የሚለውን ለዩኒቨርሲቲው ተዉለት። ወንበር ለማቋቋም የሚያስቡ የእኛ ማኅበራት ይህን ልዩነት አስቀድመው ቢመክሩበት ጥሩ ነው።

ክፍሎቹ ራሳቸውም ዛሬ ሥጋት ላይ ናቸው። በዲሴምበር 2020 የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ በበጀት ጉድለት ምክንያት ሊያጠፋቸው ካሰባቸው የትምህርት ዘርፎች መካከል ሃይማኖት አንዱ ነበር። ዋና የጥናት መስካቸው የሚያደርጉት ተማሪዎች ጥቂት ናቸው ተብሎ ነው። ይህ መለኪያ አንድ ኮርስ ብቻ ወስዶ ሐኪም ወይም ፖሊስ የሚሆነውን ብዙውን ተማሪ አይቆጥርም። ከግቢ ውጭ የሠለጠነውን መምህርና ከክፍሉ ምሁራን ጋር በስልክ የሚመካከረውን ጋዜጠኛም አይቆጥርም።

ጥያቄው አገር ቤትም አለ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። እኔ እንደማነበው ይህ ስብከትን ይከለክላል፣ ጥናትን አይከለክልም። በዩኒቨርሲቲ ዶርም ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ጴንጤው አብረው ያድራሉ፤ የአንዱን ጾምና በዓል ሌላው በጉርብትና ያውቀዋል፣ ታሪኩን ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከራሱ ወገን ብቻ ነው።

ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይችላል። የጀማ ንጉሥ፣ የገታና የዳና ሼሆች ደረሳ ያስተማሩባቸው ቦታዎችም እዚያው ወሎ ውስጥ ናቸው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱ እምነቶች አብረው በኖሩበት አገር የሁለቱን የትምህርት ሥርዓት ጎን ለጎን የሚያጠና ኮርስ ለመክፈት የሚቀድመው ሕንፃም በጀትም አይደለም። የግቢው መምህር ወደ የኔታውና ወደ ሼሁ ሄዶ ተማሪዎቹ ምን እንዲያውቁ፣ ምንስ እንዳይነኩ እንደሚፈልጉ መጠየቅ፣ የተጻፈውንም ከመታተሙ በፊት አንብቦላቸው አስተያየታቸውን መቀበል አለበት።