ገባ! የለም፣ አልገባም!

የገና ጨዋታን አብዛኞቻችን እናውቃለን። ወንዶች በመስኩ ላይ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን ይመታሉ። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጨዋታ በሌላውም ዓለም አለ። ስሙ ሆኪ ይባላል።

በገና ጨዋታ መንደር ከመንደር ሲጋጠም የተጫዋቹን ቁጥር የሚጠይቅ የለም። በሆኪ ግን ሁሉም ነገር በልክ ነው። ከየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ሜዳው ርዝመቱ 91 ሜትር፣ ወርዱ 55 ሜትር ያህል ነው። ዱላው በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ኳስ የሚመታው በዚያው ጎን ብቻ ነው። ከበረኛው በቀር ኳሷን በእግር መንካት ክልክል ነው። ከጎሉ ፊት ለፊት ደግሞ ግማሽ ክብ መስመር ተሰምሯል። ኳሷን ከመስመሩ ውጭ ሆኖ የመታ ሰው ጎል ብትገባለትም አትቆጠርለትም።

ሆኪን ወደ ህንድ ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። ያን ጊዜ ህንድ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ህንዶቹ ግን ጨዋታውን ተምረው ከአስተማሪዎቻቸው በለጡ። ከ1920 እስከ 1949 ዓ.ም. በተደረጉት ስድስት የኦሊምፒክ ውድድሮች በተከታታይ የወርቅ ሜዳልያ የወሰዱት እነሱ ናቸው።

በ1939 ዓ.ም. ህንድ ነፃ ወጣች። በዚያው ጊዜ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ህንድና ፓኪስታን ተባሉ። የአንድ አገር ልጆች የነበሩት ጎረቤታሞች ብዙ ጊዜ ተዋጉ። ጠቡ ለሆኪም ተርፏል። የመጀመሪያው የሆኪ የዓለም ዋንጫ በፓኪስታን እንዲደረግ ታስቦ ነበር። በሁለቱ ጠብ ምክንያት ግን ወደ እስፔን ተዛወረ። በ1964 ዓ.ም. በባርሴሎና ከተማ ተደረገና ፓኪስታን አሸነፈች።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። ሦስተኛው የዓለም ዋንጫ በ1967 ዓ.ም. በማሌዥያ ዋና ከተማ በኳላ ሉምፑር ተደረገ። 12 አገሮች ተካፈሉ። ህንድ ለፍጻሜ ለመድረስ ከባለአገሯ ከማሌዥያ ጋር ተጋጠመች። ማሌዥያ 2 ለ 1 እየመራች ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀረው። የህንድ አሠልጣኞች ተጠባባቂውን አስላም ሼር ካንን ወደ ሜዳ አስገቡ። ወጣቱ ከመምታቱ በፊት አንገቱ ላይ ያሰረውን ክታብ ሳመ ይባላል። መታ፤ ገባች! ሁለት ለሁለት ሆኑ። በተጨማሪው ሰዓት ሃርቻራን ሲንግ ሦስተኛውን አገባና ህንድ አለፈች።

መጋቢት 6 ቀን 1967 ዓ.ም. በመርደካ ስታዲየም የፍጻሜው ጨዋታ ተጀመረ። ያጋጠመው ማንን ከማን መሰላችሁ? ህንድንና ፓኪስታንን ነው!

ቀድማ ያገባችው ፓኪስታን ናት። ከዕረፍት በኋላ ሱርጂት ሲንግ ለህንድ አስቆጠረ። አንድ ለአንድ ሆኑ። ከዚያ አሾክ ኩማር ኳሷን ወደ ጎሉ ላካት። ኳሷ የጎሉን ማዕዘን መታችና ወዲያው ወደ ሜዳ ተመለሰች። ህንዶቹ "ገባ!" አሉ። ፓኪስታኖቹ "የለም፣ አልገባም!" ብለው ዳኛውን ተከራከሩ።

ዳኛው የማሌዥያ ሰው ነበር። ልብ በሉ፣ አገሩን ከዋንጫው ያስወጣቻት ህንድ ናት። ቂም የያዘ ሰው ቢሆን ለመበቀል ከዚህ የተሻለ ጊዜ ባላገኘም ነበር። እሱ ግን ዓይኑ ያየውን ፈረደ፦ ጎል ነው አለ። ፓኪስታኖች ቅር አላቸው። ቢሆንም ጨዋታው እስከ መጨረሻው ቀጠለ። ህንድ 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። አሾክ ኩማር የታላቁ ተጫዋች የድያን ቻንድ ልጅ ነው። የአስላም አባትም የሆኪ ተጫዋች ነበሩ። ሁለቱ አባቶች በ1928 ዓ.ም. በበርሊን ኦሊምፒክ ለህንድ አብረው ተሰልፈው ወርቅ አግኝተዋል። ከ39 ዓመት በኋላ ልጆቻቸው አንድ ላይ ለዋንጫ በቁ። አሾክ ሂንዱ ነው፣ አስላም እስላም፣ ሱርጂት ደግሞ የሲክ እምነት ተከታይ። ሃይማኖታቸው ለየብቻ፣ ማልያቸው ግን አንድ ነበር።

ያ ድል ለህንድ የመጨረሻው የዓለም ዋንጫ ሆኖ ቆይቷል። እስከ 2015 ዓ.ም. በተደረጉት ውድድሮች አልደገመችውም። ፓኪስታን ግን በ1970፣ በ1974 እና በ1987 ዓ.ም. አሸንፋ የዋንጫዎቿን ቁጥር አራት አድርሳለች። ከ1968ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወዲህ ትልልቆቹ ውድድሮች በሣር ላይ መደረጋቸው እየቀረ፣ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ተተካ። ምንጣፉ ውድ ነው። ገንዘብ ያላቸው አገሮች ቶሎ አነጠፉ። በሣር ላይ ያደገው የድሃ አገር ልጅ ግን ለልምምድ የሚሆን ምንጣፍ አጣ። ህንድና ፓኪስታን ወደ ኋላ ለመቅረታቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አዲስ ቃላት
ፍጻሜ – ዋንጫ የሚወሰድበት የመጨረሻ ግጥሚያ
ተጠባባቂ – ሌላውን ለመተካት ከሜዳ ውጭ የሚቆይ ተጫዋች

ጥያቄዎች
1. የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ወደ እስፔን ለምን ተዛወረ?
2. ሆኪና የገና ጨዋታ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. በእናንተ መንደር በጨዋታ ላይ ክርክር ሲነሳ ማን ይፈርዳል? የተረታውስ ፍርዱን ይቀበላል? ተወያዩበት።