የቀዘፋ ማሽን ልግዛ ወይ?

ይህን ጥያቄ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ በዝታችኋል። እንደ ፊዚዮቴራፒስት መልሴ፦ አትግዙ፤ ብሩን ለሌላ አድርጉት።

ቀዘፋ የሚወደደው እግርን፣ ጀርባንና ክንድን በአንድ ላይ ስለሚያሠራ፣ ጉልበት ላይም እንደ ሩጫ ጫና ስለማያሳርፍ ነው። ለጀርባና ለክንድ ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ ይበቃል። ቫልቩ ያለበትን ቆርጣችሁ ጣሉት። ሰሌን ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ዘርጉ፤ ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ። ላስቲኩን በውስጥ እግራችሁ አዙራችሁ ሁለቱን ጫፍ ያዙ። ክርናችሁ ጎናችሁን አልፎ እስኪሄድ ሳቡ፤ ስትመልሱ ቀስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል፣ ወገቡን ያጎብጣል። ያኔ የሚያተርፈው የወገብ ሕመም ነው። ከ10 እስከ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ይበቃል። ለእግር ደግሞ እጅ ሳትደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ጨምሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ የጡንቻ ሥራ ይመክራል። ዳባት ገበያ በእግሩ ደርሶ የሚመለስ ገበሬ 150 ደቂቃውን ሳያስበው ይጨርሰዋል። ችግሩ ያለው ከቢሮ ወንበር ወደ ባጃጅ ወንበር የምንሸጋገረው ጋ ነው።

ከቆላ ወደ ደባርቅ የመጣችሁ፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀለል አድርጉ። እየሠራችሁ ማውራት ከቻላችሁ መጠኑ ልክ ነው። ደረት የሚያፍን ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ወዲያው አቁማችሁ ጤና ተቋም ሂዱ።