ለጤና የተጀመረው ጥንቃቄ በሽታ ሲሆን

አላህ (ሱ.ወ) ሐላልና ጠይብ የሆነውን እንድንበላ አዞናል። ስለዚህ አንዲት እናት ገበያ ላይ በርበሬውን አሽታ፣ ቅቤውን ቀምሳ፣ ባዕድ ነገር ያልገባበትን ብትመርጥ ያስመሰግናታል። ይህ ጥንቃቄ ልኩን ሲያልፍ ግን ሰውን መልሶ ያሳምማል። አሜሪካዊው ሐኪም ስቲቨን ብራትማን በ1997 (እ.ኤ.አ) ለዚህ ሁኔታ «ኦርቶሬክሲያ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ በይፋ ባይመዘገብም፣ «ንጹሕ ምግብ ብቻ» በሚል ጭንቀት አካልም ኑሮም ሲጎዳ ባለሙያዎች በዚህ ስም ይጠሩታል።

መነሻው ብዙ ጊዜ እውነተኛ ስጋት ነው። ወተትን እንውሰድ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙዎቻችን ወተት የምንገዛው ላም ከሚያረባ ጎረቤት ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ) የወጣ ጥናት ሰበታንና ሱሉልታን ጨምሮ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ፣ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል። አብዛኞቹም ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን በላይ ነበሩ። መርዙ ወደ ወተቱ የሚገባው ላሟ ከምትበላው የሻገተ መኖ፣ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ ነው። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋም።

ይህን የሰሙ ሁለት አባቶችን እናስብ። አንዱ ወተት ሻጩን ፋጉሎውን የት እንደሚያስቀምጥ ይጠይቀዋል፤ ከእርጥበት እንዲጠብቀው፣ የሻገተውን ለላሟ እንዳይሰጥ ይመክረዋል። ለልጆቹም ምግብ እያፈራረቀ ያቀርባል። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ይበላል። ሌላው ወተትን ጨርሶ ከቤቱ ያስወጣል። ሳይቆይ ሥጋውን፣ ቀጥሎ ዘይቱን፣ በመጨረሻም እንጀራውን ይጠረጥራል። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ማብቂያ አለው፤ የሁለተኛው የለውም። የዚህን ፍርሃት ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ በማደግ ላይ ያለው ልጅ ነው።

ምልክቶቹን እንወቅ። ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማሰብ፤ ከራስ እጅ ያልወጣን ሁሉ መፍራት፤ ትንሽ «የተከለከለ» ነገር ከቀመሱ በኋላ በጸጸት መቃጠልና ራስን በረሃብ መቅጣት፤ ከወሊማና ከኢፍጣር ግብዣ መሸሽ፤ የሌላውን ሰሐን እያዩ መናቅ። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ፣ የሴት ልጅ የወር አበባ ሲቋረጥ ነገሩ ብሷል ማለት ነው። በስኳር ሕመም ወይም በአለርጂ ምክንያት ሐኪም ያዘዘውን የሚጠብቅ ሰው ግን ከዚህ ውጭ ነው።

በሃይማኖታችንም ለዚህ ግልጽ መመሪያ አለ። አላህ በሱረቱል ማኢዳ የፈቀደልንን መልካም ነገር በራሳችን ላይ እርም እንዳናደርግና ወሰን እንዳናልፍ ከልክሎናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተጠበሰ ደብ (የበረሃ እንሽላሊት ዓይነት) ሲቀርብላቸው አልበሉም፤ ሐራም ስለሆነ ሳይሆን በሕዝባቸው አገር ያልለመዱት በመሆኑ እንደሆነ ተናገሩ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ግን እርሳቸው እያዩ በላ። እንግዲህ አለመውደድ ይፈቀዳል፤ ያልወደዱትን በሌላው ላይ ሐራም ማድረግ ግን አይቻልም።

ሰልማን (ረ.ዐ) ወንድሙን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ሲጎበኘው ምግብ ቀረበለት። አቡ ደርዳእ ጾመኛ መሆኑን ቢነግረውም፣ ሰልማን አንተ ካልበላህ አልበላም አለ፤ አብረውም በሉ። ነፍስም ቤተሰብም በሰው ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታወሰው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ንግግር አጸደቁ። በሱና ጾም ላይ እንዲህ ከተባለ፣ ከፍርሃት በመነጨ ረሃብ ላይማ ምን ሊባል ነው? የክብደት ወይም «የመንጻት» ጭንቀትን በጾም ስም የሚሸፍን ሰውም ኒያውን ይመርምር።

በዚህ የተያዘ ወንድም ወይም እህት ካለን አናሹፍ፣ አናስገድድም። ኢማን አነሰህ ብለንም አንውቀሰው። ማዕድ አብረን እንቅረብ፤ ቀስ ብለን እናነጋግር። ካልቀለለ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በአዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታልና ወደ መሰሎቹ የአእምሮ ሐኪሞች መውሰድ ሰበብ ማድረስ እንጂ ነውር አይደለም። ጥንቃቄው ግመሏን ማሰር ነው፤ ከታሰረች በኋላ የሚቀረው ተወኩል ነው።

ወላሁ አዕለም።